ጫፉ ብቻ ትዝ የሚል የድሮ የአሜሪካ ደቡብ ሶል ዘፈንና ዘፋኞቹን ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የደቡብ ሶል» የሚባለው የትኛው ነው? ከሞታውን ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሞታውን የዲትሮይት የሸክላ ኩባንያ ነው፤ ያ ሰሜን ነው። የደቡብ ሶል የሚባለው በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሜምፊስ (ቴነሲ)፣ በመስል ሾልስና በአጎራባቿ ሼፊልድ (አላባማ)፣ በጃክሰን (ሚሲሲፒ) የተቀዳው ነው። ዘፋኞቹ አብዛኞቹ ድምፃቸውን በወንጌል መዝሙር ያሟሹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አጃቢዎቹ ሜምፊስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሆነው አብረው ይጫወቱ ነበር፤ መስል ሾልስ ላይ ደግሞ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ።

በጆሮ ለመለየት አያስቸግርም። ሞታውን የተወለወለና ቫዮሊን የማይጠፋበት ነው። የደቡቡ ግን ቦታ ይተዋል፦ ድራሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ኦርጋኑ ከሥር አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ጊታሩ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል አድርጎ ዝም ይላል፣ ትራምፔትና ሳክስፎኑ ለዘፋኙ አጭር መልስ ይሰጡታል። ጂም ስቱዋርትና እህቱ ኤስቴል አክስተን ያቋቋሙት የሸክላ ኩባንያ፣ ስታክስ፣ በ1960 ሜምፊስ ውስጥ ማክሌሞር ጎዳና ላይ የገባው ወደ ቀድሞ ሲኒማ ቤት ነው። የአዳራሹ ወለል እንደ ሲኒማ ቤት ተዳፋት እንደሆነ ቀረ፤ ብዙዎች ያ ሰፊና ጥልቅ የድምፅ ቃና ከዚያ አዳራሽ ቅርፅ የመጣ ነው ይላሉ።

የማስታውሰው አንድ ሁለት ስንኝና ግማሽ ዜማ ነው። ከየት ልጀምር?

ከወረቀትና እርሳስ። ምንም ሳያዳምጡ ትዝ የሚልዎትን ሁሉ ይጻፉ። ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ዘፈን ካዳመጡ በኋላ የራስዎ ትዝታ ከሰሙት ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ወዲያ የቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ብዙ ፍለጋ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቃላቱን ብቻ አይጻፉ። ስንት ሰው ይዘፍናል? የሚጀምረው ቀጭኑ ነው ጎርናናው? መግቢያው ላይ ቀድሞ የሚሰማው ጊታር፣ ኦርጋን፣ ፒያኖ ወይስ ትንፋሽ ነው? ዘፋኙ በመሐል ዜማውን ትቶ ያወራል? መጨረሻው ድምፁ እየደከመ ይጠፋል ወይስ ቁርጥ ይላል? ምቱንም በእግርዎ ይቁጠሩ። ዘገምተኛ የደቡብ ሶል ዘፈኖች ብዙዎቹ ሦስት ሦስት እያሉ የሚሄዱ ናቸው፤ ለችክችካ የለመደ ጆሮ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። ፈጠን ያሉት በአራት ይቆጠራሉ። ይህች አንዲት ምልክት ብቻ ከሚጠረጠሩት ዘፈኖች ብዙዎቹን ታስወጣለች።

በመጨረሻ የት፣ መቼና በምን እንደሰሙት ያክሉ፦ በሸክላ፣ በካሴት፣ በራዲዮ፣ በፊልም፣ ወይስ ሌላ ዘፈን ውስጥ ተቆርጦ ገብቶ?

ስልኬ ላይ ያለው የዘፈን መለያ መተግበሪያ ለምን አያገኘውም?

መተግበሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ስለሆኑ ነው። ሻዛም የሚያነጻጽረው የአንድን የተወሰነ ቅጂ የድምፅ አሻራ ነው፤ ራሱ ቅጂው እየተጫወተ ካልሆነ አያውቀውም። ቢያንጎራጉሩለት አይገባውም፤ ሌላ ሰው የዘፈነውን ወይም መድረክ ላይ የተቀዳውን ቢያሰሙትም አይመልስም። ለማንጎራጎር የሚሆነው የጎግል መተግበሪያ ነው፦ ማይክሮፎኑን ተጭነው ዘፈን መፈለጊያውን ይምረጡና ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያንጎራጉሩ። ቃል አያስገቡ፤ «ላ ላ ላ» ይበቃል። መጀመሪያ አዝማቹን፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ስንኝ ዜማ ለየብቻ ይሞክሩ። መልሶቹ ከነመቶኛቸው ይመጣሉ። መቶኛው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሦስቱንም አራቱንም ያዳምጡ።

የድሮ ካሴት ካለዎት ሌላ ችግር አለ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ፍጥነቱ ይዛባል፤ ዘፈኑ ትንሽ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ይሰማል፣ አሻራውም አይገጥምም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ቀድተው ፍጥነቱን ከ2 እስከ 6 በመቶ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ደጋግመው ያሰሙት። በአንዱ ላይ ድንገት ሊያውቀው ይችላል።

ግጥሙን ጎግል ላይ ጻፍኩት፤ ምንም አልመጣም። ምን ላድርግ?

ያሳጥሩት። በእርግጠኝነት የሰሟቸውን ሦስት ወይም አራት ቃላት ብቻ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡና «ሶል» እና «45» (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ) የሚሉትን በእንግሊዝኛ ያክሉ። የደቡብ አነጋገር የቃሉን መጨረሻ ይውጣል፣ ሁለት ቃላትን አንድ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጆሮ ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል ይሰማል። ስለዚህ የተጠራጠሩትን ቃል አውጥተው እንደገና ይሞክሩ።

አርዕስቱም አዝማቹ ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። የኦቲስ ሬዲንግ የመጨረሻው ታላቅ ዘፈን አርዕስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት በቅንፍ የታሠሩ ናቸው፤ በፊደል ተራ ሲደረደር አንዱ ዝርዝር ከቅንፉ ጀምሮ፣ ሌላው ቅንፉን ዘሎ ያስቀምጠዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በጥቂት መቶ ቅጂ ታትመው የቀሩት ሸክላዎች ግጥም ማንም ጽፎት አለማወቁ ነው። ለእነዚህ የግጥም ፍለጋ ዋጋ የለውም። አርዕስቱ ሊሆን የሚችለውን ቃል ይዘው 45ካት እና ዲስኮግስ በተባሉት የሸክላ ዝርዝሮች ውስጥ በአርዕስት መፈለግ ይሻላል።

አባቴ «በ60ዎቹ የሰማሁት ነው» ይላል። በ1960ዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።

የማንን 60ዎቹ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ 60ዎቹ ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1977 ያለው ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ የ1970ዎቹን ማየት አለብዎት፤ የስታክስ ሁለተኛ ዘመን (ከ1968 ወዲህ)፣ የሃይ ኩባንያ አል ግሪንና አን ፒብልስ፣ የማላኮ ኩባንያዋ ዶሮቲ ሙር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። በተቃራኒው የ1966ቱ የሳም ኤንድ ዴቭ «ሆልድ ኦን፣ አይም ካሚን» በእኛ 1958 ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በምን ሰሙት የሚለው ነው። አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በቃኘው ጣቢያ፣ የሠራዊቱ ራዲዮ የአሜሪካ ሙዚቃ ያሰማ ነበር፤ ጣቢያው የተዘጋው በ1977 ነው። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም ሸክላቸውን ይዘው ነበር የሚመጡት። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ባንዶች በምሽት ክበብ የአሜሪካ ሶል ይጫወቱ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴ «የሐበሻው ኤልቪስ» እስኪባል ድረስ የዚያ ሙዚቃ ፍቅር ነበረው። አባትዎ የሚያስታውሱት የባንዱን አጨዋወት ከሆነ ፍጥነቱም ድምፁም ከሸክላው ይለያል። ስለዚህ ዜማውን ይመኑ፣ የድምፁን ዓይነት ግን አይመኑ።

ሁለት ሰዎች ተቀባብለው የሚዘፍኑት ነው። እነማን ሊሆኑ ይችላሉ?

በጩኸትና በመልስ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ ሳም ኤንድ ዴቭን ያዳምጡ። ቀጭኑና ወደ ላይ የሚወጣው ሳም ሙር ነው፤ ሻካራውና ወፍራሙ ዴቭ ፕሬተር። ከኋላቸው ያለው የስታክስ ቤት ባንድ ነው፤ አይዛክ ሄይስና ዴቪድ ፖርተር ከጻፉላቸው ውስጥ «ሶል ማን» (1967) እና ዘገምተኛው «ዌን ሳምቲንግ ኢዝ ሮንግ ዊዝ ማይ ቤቢ» (1967) ይገኛሉ። ይህ ሁለተኛው በግማሽ ከሚታወሱት ዘፈኖች መሐል ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ብቻውን ጀምሮ ሌላው ዘግይቶ ስለሚገባ ብዙ ሰው የአንድ ዘፋኝ ሥራ አድርጎ ያስታውሰዋል።

ሳይጮኹ፣ በለስላሳው፣ ሁለቱ ድምፆች ተጣብቀው አንድ ላይ የሚሄዱ ከሆነና ከሥር እንደ ትንሽ ደወል የሚያቃጭል ነገር ትዝ ካለዎት «አይም ዩር ፓፔት» ነው፤ የጄምስ ኤንድ ቦቢ ፒዩሪፋይ፣ 1966። ሜል ኤንድ ቲም የተባሉት የአክስትና የአጎት ልጆች «ስታርቲንግ ኦል ኦቨር አጌን»ን በ1972 በስታክስ አወጡ። «ዩ ሌፍት ዘ ዋተር ራኒንግ»ን (1968) የዘፈኑት ሞሪስ ኤንድ ማክ ደግሞ የቺካጎ ልጆች ናቸው፤ የቺካጎው ቼስ ኩባንያ ዘፋኞቹን እስከ አላባማ፣ ወደ ሪክ ሆል ፌም ስቱዲዮ፣ ይልክ ስለነበር ድምፁ ፍጹም የደቡብ ሆነ። ይህን ዘፈን የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ቢሰማው ለምን በየቤቱ እንዳልታወቀ ይገርመዋል።

ወንድና ሴት ከሆኑ፣ ዊሊያም ቤልና ጁዲ ክሌይ («ፕራይቬት ነምበር»፣ 1968)፣ ኦቲስ ሬዲንግና ካርላ ቶማስ («ትራምፕ»፣ 1967)፣ እንዲሁም ፔጊ ስኮትና ጆ ጆ ቤንሰን («ላቨርስ ሆሊዴይ»፣ 1968) መጀመሪያ የሚሞከሩ ናቸው።

ዘፈኑን አገኘሁት፤ ድምፁ ግን የማስታውሰው ሰው አይደለም። ተሳሳትኩ?

ላይሳሳቱ ይችላሉ። ዘፈን አንድ ነገር ነው፣ ቅጂ ሌላ። ጆሮ የሚያስታውሰው ቅጂን ነው፤ ፍለጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመጣልዎት በጣም ዝነኛውን ቅጂ ነው። በደቡብ አንድ ጥሩ ዘፈን ከተጻፈ ያው ስቱዲዮ ለአራት ለአምስት ዘፋኝ ያስሞክረው ነበር። ዳን ፔንና ቺፕስ ሞማን የጻፉትን «ዘ ዳርክ ኤንድ ኦቭ ዘ ስትሪት»ን ይውሰዱ። ጄምስ ካር በጎልድዋክስ ኩባንያ ያወጣው በ1967 ገኖ ወጣ። ከዚያ ፐርሲ ስሌጅ፣ አሪታ ፍራንክሊን፣ ክላረንስ ካርተር ዘፈኑት። የካርተሩ አብዛኛው ክፍል ወሬ ነው፤ ዜማው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሰውዬው ብዙ አውርቶ በመጨረሻ ዘፈነ» የሚል ትዝታ ካለዎት እሱን ነው የሰሙት።

መንገዱ እንዲህ ነው። ያገኙትን ቅጂ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ስም ይያዙ። ሰከንድሃንድ ሶንግስ በሚባለው መዝገብ አርዕስቱን ሲፈልጉ ዘፈኑን የተጫወቱት ሰዎች በዓመት ተደርድረው ይመጣሉ። እርስዎ ሰማሁት ካሉበት ዓመት በኋላ የወጡትን ያስወጡ፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ያዳምጡ። እዚያ ከሌለ ቢኤምአይ የተባለው የደራሲያን መብት ድርጅት መፈለጊያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በደራሲ ስም ሲገቡ የጻፈው ሁሉ ይዘረዘራል፣ ከአርዕስቱም ሥር የዘፋኞች ስም የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንድ አርዕስት ያላቸው ብዙ ዘፈኖች ስላሉ ያለ ደራሲ ስም በአርዕስት ብቻ መተማመን ያስታል።

ዘፋኙ ራሱ ነው፣ አርዕስቱም ያው ነው፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ለምን?

እንደገና የተቀዳ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የቀረጻ ቴፕ የኩባንያው ንብረት ነው። ዘፋኙ ውሉ ሲያልቅና የእገዳው ጊዜ ሲያልፍ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለርካሽ የስብስብ አልበሞች የድሮ ዘፈኑን በሌላ ባንድ እንደገና ይቀዳ ነበር። ለዘፋኞቹ ያ ተገቢ ገቢ ነው፤ የሚያሳዝነው እነዚያ ቅጂዎች ዛሬ በስፖቲፋይና በዩቲዩብ ላይ ከመጀመሪያው ሳይለዩ ተቀላቅለው መቀመጣቸው ነው።

መለያው ብዙ ነው። ከዘፈኑ ሥር የተጻፈውን የመብት ባለቤትና ዓመት ይዩ፤ የ1966 ዘፈን ማንነቱ በማይታወቅ የስብስብ አሳታሚ ስም ከወጣ ይጠርጥሩ። ርዝመቱን ከሸክላው ላይ ከታተመው ጋር ያስተያዩ፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ ልዩነት ምልክት ነው። ከዚያ ድምፁን ያዳምጡ። የፐርሲ ስሌጅ «ዌን አ ማን ላቭስ አ ዉማን» በ1966 መጀመሪያ ሼፊልድ ውስጥ በትንሿ ኖራላ ስቱዲዮ ሲቀዳ ስፑነር ኦልድሃም የተጫወተው በፋርፊሳ ኦርጋን ነው፤ ድምፁ ቀጭንና ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከቅኝቱ ሸርተት ብለው ይሰማሉ። የኋለኞቹ ቅጂዎች ይህን ሁሉ አስተካክለውታል፤ ኦርጋኑ ወፍሯል፣ ትንፋሹ ተቃኝቷል፣ ድራሙ ላይ ማሚቶ ተጨምሯል። ጉድለቱን ከሰሙ ትክክለኛውን አግኝተዋል።

ሸክላው መሐል ያለው ክብ ወረቀት ላይ ምን ላንብብ?

ሁሉንም። ሙሉ ታሪኩ እዚያ ነው፤ ሰዎች ግን የዘፋኙን ስም አይተው ይመልሱታል። የ«አይም ዩር ፓፔት»ን እንውሰድ። ኩባንያው ቤል፣ ቁጥሩ 648 ነው። ከአርዕስቱ ሥር ኦልድሃምና ፔን የሚሉ ሁለት ስሞች አሉ፤ እነዚህ ደራሲዎቹ ናቸው። ከዚያ የአሳታሚው ስም ፌም፣ አጠገቡ ቢኤምአይ። ቤል የኒውዮርክ ኩባንያ ነው፤ «ኒውዮርክ ተቀዳ» ብሎ የሚደመድም ሰው ግን ይሳሳታል፤ ፌም የሚለው አሳታሚ መስል ሾልስን ይጠቁመዋል፣ የተቀዳውም እዚያው ነው። በተመሳሳይ የጂን ናይት «ሚስተር ቢግ ስታፍ» የስታክስ ሸክላ ይሁን እንጂ የተቀዳው ሜምፊስ ሳይሆን ጃክሰን በሚገኘው ማላኮ ስቱዲዮ ነው፤ በ1970፣ የኪንግ ፍሎይድ «ግሩቭ ሚ» በተቀዳበት በዚያው ቀን። የኩባንያው ከተማ ስለ ቀረጻው ቦታ ማስረጃ አይሆንም። ከእሱ ይልቅ አሳታሚውና አዘጋጁ ይመሰክራሉ።

ቀለሙም ዘመን ይናገራል። የስታክስ ሰማያዊ ወረቀት ከተደራረቡ ሸክላዎች ሥዕል ጋር እስከ 1968 ድረስ ያለው ነው፤ ቢጫውና ጣቱን የሚያጮኸው እጅ ያለበት ሸክላውን ያከፋፍል ከነበረው ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር ከተለያዩ በኋላ የመጣ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ለራዲዮ ጣቢያ የተላከ ቅጂ ነው።

ወረቀቱ ተልጦ ወይም ተፍቆ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ሸክላውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያዘንብሉትና በመጨረሻው ጎድጓዳ መስመርና በወረቀቱ መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት ይዩ። በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ፊደል ሳይገድፉ፣ ሰረዙን ጭምር፣ ዲስኮግስ ላይ ያስገቡ። በጀርባው ያለውንም ቁጥር ይጨምሩ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተከታታይ ናቸው፣ አንዱ ባይገኝ ሌላው ይገኛል።

ዘፈኑ በ1964 እንደወጣ እርግጠኛ ነኝ፤ በቢልቦርድ የጥቁር ሙዚቃ ሰንጠረዥ ግን የለም።

ሰንጠረዡ ራሱ አልነበረም። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የአር ኤንድ ቢ (ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ማለትም የጥቁር ሙዚቃ) ነጠላ ዘፈኖችን ሰንጠረዥ ከኅዳር 1963 መጨረሻ እስከ ጥር 1965 መጨረሻ ድረስ አላተመም። በዚያ ጊዜ የካሽ ቦክስ መጽሔትን ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል፤ የድሮዎቹ እትሞች ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ይገኛሉ። ስሙም እየተቀየረ መጥቷል፦ ከነሐሴ 1969 ጀምሮ «ሶል» ተባለ፣ በ1982 «ጥቁር» ሆነ። ስለዚህ በአንድ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ዘመን ያጣል።

ከሰንጠረዥ ውጭ የቀሩም ብዙ ናቸው። የናሽቪሉ ራዲዮ ጣቢያ ደብሊው ኤል ኤ ሲ በ50,000 ዋት ኃይሉ ማታ ማታ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ስለሚያሰማ ደቡቡን በሙሉ ያዳርስ ነበር፤ በሰንጠረዥ ያልገባ ዘፈን እዚያ ተሰምቶ በሰው ጆሮ የቀረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላሉት የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ትልቅ ባለውለታ ናቸው። አሜሪካ የረሳችውን ሸክላ ለቅመው፣ ዘፋኙን ፈልገው አነጋግረው፣ ከነታሪኩ እንደገና ያሳተሙት እነሱ ናቸው። ኤስ እና ኬንት በሚሉ ስሞች የወጡት ስብስቦች ውስጥ ያሉት ትንንሽ መጽሐፎች በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣሉ።

«ቦቢ» የሚባለው ዘፋኝ በአንዱ ፎቶ አንድ ሰው ነው፣ በሌላው ሌላ። የቱ ነው እውነተኛው?

ሁለቱም። በ1966 ቦቢ ፒዩሪፋይ ተብሎ የዘፈነው የጄምስ ፒዩሪፋይ ዘመድ ሮበርት ሊ ዲኪ ነው። እሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመድረክ ሲርቅ ቤን ሙር የቦቢን ስም ይዞ ተተካ። እነ ጄምስ «አይም ዩር ፓፔት»ን እንደገና ቀድተው በ1976 እንግሊዝ ውስጥ 12ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያ ቅጂ ቦቢ ቤን ሙር ነው። አውሮፓ ውስጥ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው የኋለኛውን፣ አሜሪካ ውስጥ የሰማው የመጀመሪያውን ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አከታትሎ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚለየው።

ሳም ኤንድ ዴቭም እንዲሁ ናቸው። ሳም ሙርና ዴቭ ፕሬተር በ1981 መጨረሻ ለመጨረሻ ጊዜ ተለያዩ። ከ1982 ጀምሮ ዴቭ በዚያው ስም የዞረው ሳም ዳንኤልስ ከሚባል ሌላ ዘፋኝ ጋር ነው፤ ዴቭ በ1988 በመኪና አደጋ እስኪሞት ድረስ። በ1985 ያዩዋቸው ከሆነ ያዩት «ሳም» ሳም ሙር አይደለም። የሸክላ ወይም የማስታወቂያ ዓመት ሳያዩ የዘፋኝ ስም አይመዝግቡ፤ የሠራው ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ያልሠራው ይመሰገናል።

ዘፋኙ በሕይወት ይኖር ይሆን? እንዴትስ ላግኘው?

መጀመሪያ እውነተኛ ስሙን ያጣሩ፤ የመድረክ ስም ብዙ ነው። ዘፋኙ ለራሱም ግጥም ጽፎ ከሆነ በቢኤምአይ መዝገብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሕጋዊ ስሙ ነው። ከዚያ የትውልድ ከተማውን ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያዎች ይፈልጉ። በደቡብ የጥቁሮች የቀብር አስፈጻሚ ቤቶች የሚያወጡት የሕይወት ታሪክ ዝርዝር ነው፤ የዘፈነበትን ቡድንና ቤተ ክርስቲያኑን ጭምር ይጠቅሳል። ብዙዎቹ ከሶል ወጥተው ወደ መዝሙር ተመልሰዋል፣ ስለዚህ በወንጌል መዘምራን ዝርዝር መፈለግም ያዋጣል። ሜምፊስ ያለው የስታክስ ሙዚየምና በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ያለው የብሉዝ መዝገብ ቤት ለተዘጋጀ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። «ስለዚህ ዘፋኝ ንገሩኝ» ከማለት የሸክላውን ቁጥር፣ ዓመቱንና ደራሲውን ጽፎ አንድ ነገር መጠየቅ ይሻላል።

ቤተሰቡን ካገኙ ስልክ ከመደወል በፊት ደብዳቤ ወይም መልእክት ይላኩ፤ አድራሻቸውን ለማንም አያሳልፉ። ብዙዎቹ ለዚያ ሸክላ ሳንቲም ያላገኙ ሰዎች ናቸው፣ የማያውቁት ሰው ስለ ዘፈኑ ሲጠይቃቸው ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ሊነግሯቸው ይችላሉ። በአሜሪካ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለ ድርጅት ከኢንተርኔትና ከሳተላይት ራዲዮ ገንዘብ ይሰበስባል። ከዚያ 45 በመቶው የዋናው ዘፋኝ፣ ከሞተም የወራሾቹ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ያልተመዘገበ ግን አይከፈለውም።

ሸክላውን ልገዛ ነው። ምን ልጠንቀቅ? እንዴትስ ልቅዳው?

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ይዩ። የዘመኑ ባለ 45 ሸክላዎች ግማሾቹ ቪኒል ሳይሆኑ ስታይሪን ናቸው፤ ቀለል ይላሉ፣ አይጎብጡም፣ ወረቀቱ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ስታይሪን በደከመ መርፌ ከተጫወተ ቶሎ ይበላል። ላዩ እያብረቀረቀ «ስ» የሚለው ድምፅ ሁሉ እየተሰነጠቀ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የትኛውም እጥበት አይመልሰውም። ስለዚህ ሻጩን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የድምፅ ናሙና ይጠይቁት፤ ከመሐል ሳይሆን ከመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ፣ መዛባቱ የሚብሰው እዚያ ነውና።

ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የመሐል ማሟያ ያስፈልጋል፤ ማጫወቻው 45 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በተጣራ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትለው ይጥረጉ፣ ወረቀቱን አያርጥቡ። ሲቀዱ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ያድርጉ፤ የሦስት ደቂቃ ዘፈን 100 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የ1960ዎቹ ባለ 45 ሸክላዎች በአብዛኛው ሞኖ ናቸው። በስቴሪዮ ከቀዱ በኋላ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ሲያዋሕዱ የመርፌው ኩሽኩሽታ ጉልህ ሆኖ ይቀንሳል። የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ካበዙበት ግን ኦርጋኑና የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብረው ይጠፋሉ፤ ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ ለብቻው ያስቀምጡ።

የቀዳሁትን ኢንተርኔት ላይ ብለጥፈው ችግር አለው?

አለው። የአሜሪካ ሕግ በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ ከ1957 ጀምሮ እስከ የካቲት 14 ቀን 1972 የታተሙ ቅጂዎች በሙሉ እስከ የካቲት 15 ቀን 2067 የተጠበቁ ናቸው። ኩባንያው ቢከስርም መብቱ አይሞትም፤ ስታክስ በ1975 መጨረሻ ሲከስር መብቶቹ ለሌላ ተሸጡ፣ እስከ 1968 በአትላንቲክ በኩል የተከፋፈለው ሥራ ደግሞ ቀድሞውኑ የአትላንቲክ ሆኖ ነበር። ለራስዎ መቅዳትና ለዘፋኙ ቤተሰብ አንድ ቅጂ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ። ግኝቱን ለሰው ማካፈል ከፈለጉ የወረቀቱን ሁለት ገጽ ፎቶና በባዶው ቀለበት ላይ ያለውን ቁጥር ዲስኮግስ ላይ ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ የሚፈልገው ሰው የሚያገኘው በዚያ ነው።